በጨነቅ አፋፍ ሽማግሎች ሲማማሩ

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ዳባትንና ወቅንን አልፎ ደባርቅ ሲገባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዟል። ከዚያም የሊማሊሞን ቍልቍለት ትቶ በስተቀኝ ወደ ተራራው ቢታጠፍ፥ የገብሱን ማሳና የአስታውን ደን እያለፈ፥ በሳንቃ በር በኩል ወደ ጨነቅ ይደርሳል። ጨነቅ ከ3,600 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ማደሪያ ሠፈር ነው እንጂ ከተማ አይደለም። ስለ ዋልያው፥ ስለ ጭላዳውና ስለ ጅብራው ብዙ ስለተጻፈ እኛ አንደግመውም።

ዐይናችንን የሳበው የመንገዱ ዳር ነው። ከጨነቅ ወዲያ መንገዱ በብዋሒት ተራራ ጫንቃ አልፎ ወደ ጃናሞራ ስለሚወርድ፥ ለደባርቅ ገበያ የሚመላለሰው ሕዝብ የሚያልፈው በዚሁ ነው። ጋቢያቸውን ተከናንበው መኪና ከሚጠብቁት ሽማግሎች አንዱ፥ ለጎረቤታቸው በጣት አንጓ መጥቅዕና አበቅቴን ያስቈጥሯቸው ነበር። ሁለቱ ሲደመሩ ምን ጊዜም 30 እንደሚሆኑ ሦስት ጊዜ ደጋግመው አስረዷቸው። ተማሪው ከአስተማሪው በዕድሜ ይበልጣሉ።

«አባቴ፥ በዚህ ዕድሜ ይህ ምን ያደርግልዎታል?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ «ልጄ፥ የጾም መግቢያውን ከሰው ስጠይቅ ኖሬ፥ ሳላውቀው ልሙት ወይ?» አሉን። ትምህርቱንም የጀመሩት በሰንበቴ ላይ መሆኑን ነገሩን።

ክቡራን አንባብያን፥ ሰንበቴ ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ዳቦውንና ጠላውን፥ የሙሴውን ሹመት፥ የተራውን አገባብ ታውቁታላችሁ። ነገር ግን ሰንበቴን ከትምህርት ቤት የሚቈጥረው ስንቱ ነው? የተጣላ የሚታረቀው፥ የዘሩ ጊዜ የሚመከረው፥ ዳዊት የሚደግመው ለማይደግመው የሚያስረዳው በዚያ ነው። በአብነት ትምህርት ቤትም መምህሩ ሁሉን ብቻቸውን አያስተምሩም፤ በቅጸላ ጊዜ ቀድሞ የገባው የኋለኛውን ያስጠናል። ጢሙ የሸበተም ቢሆን ከጕብሉ አጠገብ ቍጭ ብሎ ይማራል፤ የሚያፍርበትም የለም።

በፈረንሳይ አገር በቱሉዝ ከተማ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1973፥ ፒዬር ቬላስ የተባሉ መምህር «የሦስተኛው ዕድሜ ዩኒቨርሲቲ» የሚባለውን አቋቋሙ፤ በዚያ ያስተምሩ የነበሩት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው። ነገሩ በ1981 ወደ እንግሊዝ አገር ሲሻገር ግን ፒተር ላስሌት፥ ማይክል ያንግና ኤሪክ ሚድዊንተር መልኩን ለወጡት፤ አባላቱ ራሳቸው አስተማሪ፥ ራሳቸው ተማሪ ሆኑ፤ ፈተናም ምስክር ወረቀትም የለበትም። ሰንበቴ የተቀመጠ ሰው በዚህ ብዙ አይደነቅም። ሆኖም አንድ ነገር በልጠውናል፤ እነርሱ ምን እንደሚማሩ አስቀድመው ተመካክረው ይወስናሉ፥ የእኛ ግን ዐዋቂው በተገኘበት ቀን ብቻ የሚሆን ነው።

በአገራችን በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ አረጋውያንን ፊደል አስቈጥሯል፤ በዩኔስኮም በኩል ሽልማት አስገኝቷል። ከዚያ ወዲህ የመጣው የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ግን የታቀደው በተለይ ከ15 እስከ 60 ዓመት ላለው ሰው ነው። 61 የሞላውስ ወዴት ይሂድ?

ይህን የምንጠይቀው የግጭን ሰዎች አስበን ነው። ከጨነቅ ማዶ ባለው አምባ ላይ ገብስ እያረሱ፥ በግ እያረቡ ይኖሩ የነበሩ ከ400 የሚበልጡ ቤተ ሰቦች፥ ፓርኩ እንዲያገግም ሲባል፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2016 ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ዩኔስኮም ፓርኩን ከ1996 ጀምሮ ከነበረበት የአደጋ መዝገብ በ2017 አውጥቶታል። ዋልያው ዕፎይ ማለቱ መልካም ነው። ነገር ግን ዕድሜውን ሁሉ ከሞፈርና ከቀንበር ሌላ ያልያዘ ሽማግሌ፥ ካሳውን በባንክ ማኖርን፥ ቤት ማከራየትን፥ በሚዛን መነገድን በስተርጅናው ሊማር ግድ ሆነበት። ይህን ከወጣት ባለሙያ አንደበት መስማት ለሽማግሌ ይከብደዋል፤ ቀድሞት ከከሰረና ካተረፈ እኩያው ቢሰማው ግን በቶሎ ይገባዋል። ከእነርሱ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ስለሆኑ ሰንበቴ አይቀመጡም፤ ቡናው ግን የጋራ ነው፥ በዚያም ላይ መማማር ይቻላል።

በዚያችው ከተማ ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ተማሪ መቀበል የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ነው። በቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ክፍል ለእነዚህ አባቶችና እናቶች ቢከፍትላቸው፥ የሚያስተምራቸው መምህር እንኳ አያስፈልግም፤ ወንበሩን ክብ አድርጎ መደርደርና ቡናውን ማፍላት ይበቃል።