አራተኛው ቡሎን



ሦስታችንም የመካኒካል ኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ነን። የቶርክን ቀመር በፈተና ወረቀት ላይ ስንት ጊዜ ጽፈነዋል፤ የመኪና ቡሎን ግን እስከ ባለፈው የሴሚስተር እረፍት ድረስ በእጃችን አጥብቀን አናውቅም ነበር።

ከመካከላችን የአንዱ አጎት ከጦር ኃይሎች በአየር ጤና አድርጎ አለም ባንክ የሚመላለስ ሚኒባስ አላቸው። አሮጌ ሃይኤስ ነው። መኪናው ሲነሳ ከሥሩ "ጓ" ማለት ጀመረ፤ ፍጥነት ሲጨምር ደግሞ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ክሮቸራው አልቋል፤ ክሮቸራው የሚቀመጥበት የሻፍቱ ጆሮም ተበልቷል። ሙሉ ሻፍቱን መቀየር ግድ ሆነ። አጎታችን መርካቶ ሱማሌ ተራ ሄደው ያገለገለ ሻፍት ገዙ፤ ለጋራዥ የሚሆን ብር ግን አልተረፋቸውም። "እናንተ ኢንጂነሮች አይደላችሁ እንዴ?" አሉን። በኩራት እሺ አልን።

ሻፍት ማለት ከካምቢዮ ተነስቶ በወለሉ ሥር እስከ ኋላ ዲፈረንሻል የሚሄደው ረጅም ዘንግ ነው፤ የሞተሩን ኃይል ለኋላ ጎማ የሚያደርሰው እሱ ነው። ሻፍቱ ከወጣ በኋላ ማርሽ ማስገባት መኪናውን አይዘውም። ግቢው ደግሞ ተዳፋት ነው። ስለዚህ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፍን፣ ከጎረቤት የብረት መቆሚያ ተዋስን። ክሪክን ብቻ አምኖ መኪና ሥር መግባት ድፍረት ሳይሆን ሞኝነት ነው።

አሮጌውንና የተገዛውን ሻፍት ጎን ለጎን አስተኝተን ርዝመታቸውን አስተያየን። ለሚዛን የተበየዱት ትንንሽ ብረቶች አለመርገፋቸውን፣ በሁለቱ ጫፍ ያሉት ጆሮዎች በአንድ አቅጣጫ መቆማቸውን አየን። ከዚያ የፊቱን ጫፍ ካምቢዮው ውስጥ አስገብተን የኋላውን በአራት ቡሎን ከዲፈረንሻሉ ጋር ገጠምን።

ክፍል ውስጥ ያልገባን ነገር የገባን እዚያ አፈር ላይ ተንጋለን ነው። ቡሎን ሲጠብቅ በጥቂቱ ይለጠጣል፤ እንደ ስፕሪንግ ሁለቱን ብረት አጣብቆ የሚይዘው ያ መለጠጥ ነው። ከምናዞርበት ጉልበት ግን ለዚህ የሚደርሰው ከአስር አንድ እጅ ገደማ ብቻ ነው፤ ቀሪው በሰበቃ ያልቃል። ጥርሱ በአፈርና በዝገት ከተሞላ የጠበቀ ይመስላል እንጂ አልጠበቀም። ዘይት ከጠጣ ደግሞ በዚያው ልክ ሲዞር ከሚገባው በላይ ይለጠጣል። ስለዚህ ጥርሶቹን በብሩሽ አጸዳን፤ ከአንድ የምናውቀው መካኒክ የተዋስነውን ቶርክ ሬንች በማኑዋሉ ቁጥር ሞልተን በመስቀለኛ ማጥበቅ ጀመርን። አንደኛው፣ ፊት ለፊቱ፣ ከዚያ ሦስተኛው። ቁልፉ "ቀጭ" ባለ ቁጥር ደስ ይለን ነበር።

የመግሪብ አዛን አለ። ተጣጥበን ሄድን። ስንመለስ መሽቷል፤ ዕቃውን በጨለማ ሰብስበን መኪናውን አውርደን፣ አጎታችን መርቀውን፣ ቤተል ወደሚገኘው የጓደኛችን ቤት ሄድን።

ከዒሻ በኋላ እራት ላይ አንዳችን "አራተኛውን ማን ነው ያጠበቀው?" አለ። እያንዳንዳችን ሌላው ያጠበቀው መስሎን ነበር።

ስልካቸው ዝግ ነው። "በእጅ ጠብቋል፣ ምንም አይሆንም" ያለም ነበር፤ ማን እንደሆነ አንጽፍም። ግን አንድ ቡሎን ሲላላ ንዝረቱ ሌሎቹንም እንደሚያላላ እናውቃለን። ሻፍቱ በጉዞ ላይ ከወደቀ እየተሽከረከረ ወለሉንና የፍሬን ቱቦውን ይደበድባል፤ ከላይ 12 ሰው ተቀምጧል። እውነቱን ለመናገር ያን ሌሊት ከአደጋው እኩል የከበደን ሄደን "ረስተን ነበር" ማለቱ ነው።

ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ቶርክ ሬንቹን ይዘን ወጣን። ውሾች እስከ አስፋልቱ ሸኙን። ስንደርስ አጎታችን ሞተር እያሞቁ ነበር።

"ጋሼ፣ እንዳይወጡ! አንዱን ቡሎን ሳናጠብቀው ሳንቀር አንቀርም።"

ሞተሩን አጠፉ። በስልክ መብራት ከሥር ገባን። አራተኛው "ቀጭ" እስኪል ግማሽ ዙር ያህል ዞረ። አጎታችን ቆመው ሲያዩ ቆዩና "ሌሎቹስ?" አሉ። ሦስቱንም ደግመን ፈተሽን፤ እያንዳንዱ ላይ ቢላላ እንዲታወቅ በነጭ ቀለም መስመር አሰመርን።

ፈጅርን አብረን ሰገድን። ከዚያ "ግቡ" አሉን፤ ከኋላ፣ ልክ ከዲፈረንሻሉ በላይ ባለው ወንበር አስቀመጡን። እስከ አለም ባንክ ደርሰን እስክንመለስ በእግራችን ወለሉን እያዳመጥን ትንፍሽ አላልንም። ንዝረት የለም። ጦር ኃይሎች ስንደርስ ረዳቱ እጁን ዘረጋ፤ "የኋላ፣ ሒሳብ!" አጎታችን በመስታወት አይተውን ዝም አሉ። ከፈልን።