ኪኒኑን ያቆመው ወንድማችን

ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለ ልብ ነው፤ ዘወትር ስለምንሰብክለት ልብ ሳይሆን ደረታችን ውስጥ ስለሚመታው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚህ ሰንዳፋ በምናገለግልበት ጉባኤ በዕድሜ የምንቀራረበው አንድ ወንድም ለምስክርነት ወጣ። የደም ግፊት ነበረበት። "ራስ ምታቱም ማዞሩም ለቆኛል፣ ጌታ ፈውሶኛል፣ ኪኒኑንም ትቼዋለሁ" አለ። ቤቱ በእልልታ ተሞላ። እኛም ማይኩን ተቀብለን "ክብር ለጌታ ይሁን" አልን። ተለክተሃል ወይ ብለን አልጠየቅንም።

አምስት ወር ሳይሞላ አንድ ማለዳ ባለቤቱ ደወሉልን። ስንደርስ አፉ ተጣሞ፣ ቀኝ እጁና እግሩ አልታዘዝ ብለውት አገኘነው። ጌታ ይመስገን በሕይወት አለ፤ ሲዘምር ግን ዛሬም ቃል ይይዘዋል። እሱ አንድም ቀን አልወቀሰንም። የጠየቁን ባለቤቱ ናቸው፤ አልጋው አጠገብ ቆመው፣ "ፓስተር፣ ያን ቀን ለምን ዝም አላችሁ?" አሉን። መልስ አልነበረንም።

ጌታ እንደሚፈውስ እናምናለን፤ አይተናልም። ነገር ግን ደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም። ደህና ነኝ ማለት ወርዷል ማለት አይደለም። የደም ሥሩን ግድግዳ ለዓመታት በዝምታ ይጎዳና አንድ ቀን የአንጎል ሥር ይዘጋል ወይም ይፈነዳል፤ ልብና ኩላሊትም ይደክማሉ። በተለያየ ቀን ተለክቶ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው ይባላል። ይህንን የሚነግረን መለኪያው ነው፣ ስሜታችን አይደለም።

ከዚያ በኋላ ማርቆስ ምዕራፍ 1ን ደጋግመን አነበብን። ጌታ ለምጻሙን ካነጻው በኋላ ወደ ካህን ሄዶ እንዲታይ አዘዘው። በሙሴ ሕግ ቆዳን መርምሮ ነጽቷል የሚለው ካህኑ ነበር። ፈዋሹ ራሱ ምርመራን ካልናቀ እኛ ምን ቤት ነን? በሥነ መለኮት ኮሌጅ ይህን ክፍል ተፈትነንበታል፤ ይህ ግን አልታየንም ነበር።

ስለ አኗኗርም አንድ ሁለት ነገር እንበል። ትልቁ ጣጣችን ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይመክራል፤ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያንሳል፣ ያውም ሁሉም ተደምሮ። እኛ ደግሞ በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው፣ ሽሮው ላይ ጨው፣ ወጡ ሲወጣ እንደገና ጨው! በቤታችን በርበሬው ያለ ጨው ተዘጋጀ። የመጀመሪያው ወር የበሽተኛ ምግብ ይመስል ነበር፣ ኋላ ምላሳችን ለመደው። በሰንዳፋ ብርድ ጀሪካኑ ውስጥ እንደ ቅቤ የሚረጋውን የፓልም ዘይትም ቀነስን።

ከዚያ እግራችን። ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ በሆነው በዚህ ከተማችን አትሌቶች ማለዳ ሲሮጡ በባጃጅ መስኮት እያየን እናልፋለን። ከእኛ የሚፈለገው ሩጫ አይደለም፤ በሳምንት አምስት ቀን ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ነው። ኪኒን የምትወስዱ ደግሞ ረጅም ጾም ከመያዛችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ።

አሁን በወሩ መጨረሻ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ነርስ የሆነች የመዘምራን እህታችን ግፊት ትለካለች። በመጀመሪያው ቀን ለአርአያነት ብለን እኛ ቀድመን ተቀመጥን፤ 158/96 ወጣ! ምንም አልተሰማንም ነበር። ሐኪም ዘንድ ሄደን በሌሎች ቀናትም ተለካን፣ አልወረደም፤ ይኸው ኪኒን እንውጣለን።

መዝገቡን የሚይዘው ያ ወንድማችን ነው። በግራ እጁ መጻፍ ተምሯል። ለመለካት ስትመጡ ቡና ሳትጠጡ ኑ፤ አምስት ደቂቃም ያህል ዝም ብላችሁ እንድትቀመጡ ያደርጋችኋል። ኪኒን የጀመረውን ሁሉ፣ እኛንም ጭምር፣ "ዛሬ ውጠሃል?" ሳይል አያሳልፍም።