ሮክ ከየት ልጀምር ለምትሉኝ



ባለፈው እሁድ እዚህ አንድ የጊታር ሶሎ ለጥፌ ነበር። ከዛ ወዲህ ኢንቦክሴ ሞልቷል። በተለይ የድሮ ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ሮክ መስማት ፈልጌ ነበር፣ ከየት ልጀምር?»፣ «ምርጡ ባንድ የቱ ነው?» እያላችሁኝ ነው። ክፍል ውስጥ ስለ ሞገድ ሳስተምር እንዲህ ብትጠይቁኝ ኖሮ የት በደረስን! ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው ብያለሁ። ረዘም ይላል፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

«ምርጡ ባንድ» ለሚለው መልስ የለኝም። የምርጦች ዝርዝር ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። ዝርዝር አንብቦ ሮክ የለመደ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ሰው የሚለምደው አንድ የሚያውቀው ሰው «ይቺን ላንተ» ብሎ ሲሰጠው ነው። ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው «እስከዛሬ ሰውነትህን ውርር ያደረገህ ዘፈን የቱ ነው?» ብዬ ነው። ጆሮ ከሚያውቀው ተነስቶ ነው ወደማያውቀው የሚሄደው።

ከሮክ ታሪክ ራሱ ለዚህ የምወደው ምሳሌ አለ። እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ውስጥ ቶኒ አዮሚ የሚባል የ17 ዓመት ልጅ ብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። ሥራውን ሊለቅ በመጨረሻው ቀን ማሽን የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት። ልጁ ጊታር ተጫዋች ነው፣ ያውም ግራኝ። ክሮቹን የሚጫነው በዛው በቀኝ እጁ ነው ማለት ነው። በቃ አለቀልኝ ብሎ ተቀመጠ። የፋብሪካው አለቃ ግን አንድ ሸክላ አመጣለት። ጃንጎ ራይንሃርት የሚባል፣ እሳት ሁለት ጣቶቹን አሽመድምዶበት በቀሩት ሁለት ጣቶች ሶሎ የሚጫወት የጃዝ ጊታሪስት ነበር። አዮሚ ያንን ሰምቶ ተነሳ። የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ። ቀጫጭን ክር ፈለገ፤ በኋላም ክሮቹ እንዲላሉለት ቅኝቱን ዝቅ አደረገ። ያ ዝቅ ያለ፣ የከበደ ድምፅ የብላክ ሳባዝ ድምፅ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1970 የመጀመሪያ አልበማቸው ወጣ፣ ሄቪ ሜታል የሚባለው ነገርም ከዛ ቤት ተወለደ ይባላል።

እስቲ አስቡት፣ ያ አለቃ «የዓለም ምርጥ መቶ ጊታሪስቶች» የሚል ዝርዝር ይዞ ቢመጣ ኖሮ ልጁ ምን ያደርግለታል? የመጣው አንድ ሸክላ ይዞ ነው። ልጁን አይቶ፣ ጣቱን አይቶ።

እንግዲህ ወደ ገደለው ልግባ። እኔ ያለሁት ወሎ ነው፤ ባቲና አምባሰል የቅኝት ስም ብቻ ሳይሆኑ አውቶቡስ ተሳፍራችሁ የምትሄዱበት አገር። ስለዚህ በቅኝት ልጀምር።

ባቲ ለምትወዱ። ባቲ ማይነር የምንለው ቅኝትና ፈረንጆቹ ማይነር ፔንታቶኒክ የሚሉት ያው አምስት ኖታ ነው። የብሉዝና የሮክ ጊታር ሶሎ አብዛኛው የሚሠራው በሱ ነው። ኪቦርድ ያለው ሰው ይሞክረው፦ ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ ይጫወት። ጥንድ ሆነው ከተቀመጡት ጥቁሮች ከሁለተኛው ቢነሳ ባቲ ማይነር ያገኛል። ሦስት ሆነው ከተቀመጡት ከመጀመሪያው ቢነሳ ደግሞ ትዝታ ሜጀር። ጆሯችሁ እኮ የሮክን ፊደል ቆጥሮ ጨርሷል፣ የቀረው ማንበብ ነው።

ለናንተ ቲናሪዌንን እሰጣለሁ። የሰሃራ በረሃ ቱዋሬጎች ናቸው። መሥራቹ ኢብራሂም አግ አልሃቢብ ልጅ እያለ አባቱ ማሊ ውስጥ ተገደሉበት፣ በስደት አደገ። የመጀመሪያ ጊታሩን የሠራው ከቆርቆሮ ጣሳ፣ ከእንጨትና ከብስክሌት ፍሬን ሽቦ ነው። ዘፈኖቻቸው ለብዙ ዓመት በካሴት እየተቀዱ ከእጅ ወደ እጅ በረሃውን ዞሩ። «ታሲሊ» የተባለው አልበማቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ግራሚ አሸንፏል። አባቴ ከማሲንቆ ሌላ መሣሪያ የማይጥመው ሰው ነው። አንድ ቀን ቤት ውስጥ ስከፍተው ዝም ብሎ ሰማና «ይሄ የአፋር ነው እንዴ?» አለኝ። «ዝጋው» አላለም። ለኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ሽለላና ፉከራ ለምትወዱ። ጌታቸው መኩሪያን ታውቁታላችሁ፤ ሽለላን በሳክስፎን የተጫወተው ጀግና። በስተርጅናው ዘ ኤክስ ከሚባል የሆላንድ ፓንክ ባንድ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የሚል አልበም አወጣ። መጀመሪያ እሱን ስሙ። ፈረንጆቹ ጊታር ይገርፋሉ፣ ጋሽ ጌታቸው ይፎክራል፣ ማንም ከማንም አያንስም። ከዛ ወደ ቤት ተመለሱና የጃኖ ባንድን «ኤርታሌ» ስሙ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ነው፣ ፕሮዲውሰሩ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው። ብላክ ሳባዝ ከዚህ በኋላ ይምጣ። በዚህ መንገድ የመጣ ሰው «ጩኸት ብቻ ነው» ሲል ሰምቼ አላውቅም።

ስለ ጩኸቱ ግን አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ሰሞኑን ያሳሰበኝ እሱ ነው። ተማሪዬ የነበረች አንዲት ልጅ፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ ናት፣ ለበዓል ቤት ስትመጣ ሮክ ያለበትን ፎልደር ከስልኳ አጥፍታ እንደምትመጣ ጻፈችልኝ። እናቷ «የሰይጣን ዘፈን» ይሏታል። በፊት ማታ ማታ አብረው ሙዚቃ ይሰሙ ነበር፣ አሁን ልጅቷ ኢርፎን ሰክታ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። «ቲቸር፣ ለእማዬ የማሰማት አንድ ዘፈን ይንገሩኝ» አለችኝ።

በእናትየው አልፈርድም። አንዳንዱ ባንድ በአስፈሪ ነገር ይነግዳል፤ ብላክ ሳባዝ ስሙን የወሰደው ራሱ ከአስፈሪ ፊልም ነው። ድምፁ መሻከሩ ግን ፊዚክስ እንጂ ሰይጣን አይደለም። አምፕሊፋየሩን ከአቅሙ በላይ ስትገፉት የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል፤ ጫፉ ሲቆረጥ በዋናው ድምፅ ላይ ሌሎች ከፍ ያሉ ድምፆች ይጨመራሉ። እኛ የምንሰማው ያንን መሻከር ነው። ለጆሯችን አዲስ ነገርም አይደለም። በገናን አስቡ። አባቶቻችን ክሩና ድልድዩ መሀል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ የሚያስገቡት ለምን ይመስላችኋል? ድምፁ እንዲነዝር ነው። ባዶውን ጥርት ያለ ድምፅ አልፈለጉትም። በገና ለጸሎት፣ ጊታር ለሌላ፤ አገልግሎታቸውን አላመሳስልም። ግን ነዛሪ ድምፅ ሆድ ውስጥ እንደሚገባ ከማንም በፊት እናውቅ ነበር።

ይሄን ትምህርት ለእናቷ አስረጂ አላልኳትም። በክርክር ዘፈን የወደደ ሰው የለም። እናቷ የገጠር ልጅ ናቸው፣ ማሲንቆ ይወዳሉ። ቲናሪዌንን ነው የላክሁላት። «ሮክ ነው አትበያቸው፣ ቡና ሲፈላ ዝም ብለሽ ክፈቺው» አልኳት። ምን እንዳሉ ገና አልነገረችኝም። እየጠበቅኩ ነው።

ትዝታ ለምትወዱ። ፒንክ ፍሎይድ። «ዊሽ ዩ ዌር ሂር» የተባለውን የ1975 አልበም ሙሉውን ስሙት። ከባንዱ መሥራቾች አንዱ ሲድ ባሬት አእምሮው ታውኮ እ.ኤ.አ. በ1968 ከነሱ ተለይቶ ነበር። አልበሙ በአብዛኛው የሱ ናፍቆት ነው። በቀረጻው ሰሞን አንድ ወፍራም፣ ጸጉሩንና ቅንድቡን የተላጨ ሰው ስቱዲዮ ገብቶ ቆመ። ጓደኞቹ ወዲያው አላወቁትም። ሲድ ራሱ ነበር። ስለ እሱ የተሠራውን ሙዚቃ እየቀረጹ እሱ በር ላይ ቆሟል። ትዝታ ያውቃል የሚባል ሕዝብ ይሄን ታሪክ አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

እኔም ሲድ አለኝ። ደሴ ፒያሳ ሜሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን የሚጭኑ ልጆች በነበሩ ጊዜ አንድ ኢርፎን ለሁለት ተካፍለን ሊንኪን ፓርክ የሰማን ጓደኛዬ ነው። ልጆቹ «ሮክ» ብለው የሚጭኑልን ፎልደር ውስጥ ግማሹ ሴሊን ዲዮን ነበር፤ ያንንም በክብር ሰምተናል። አሁን ሪያድ ሹፌር ነው። ከተያየን ስምንት ዓመት ሆነን። ወንዶች ነንና «ናፈቅከኝ» አንባባልም፤ ዘፈን እንላላካለን። በሳምንት አንድ፣ ያለ ጽሑፍ። ዘፈን ከመጣ ደህና ነው ማለት ነው።

አምና እናቱ አረፉ። ለቀብር መምጣት አልቻለም። ወር ሙሉ ምንም አልላከም፣ ስደውልም አያነሳም። «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብዬ ጽፌ ነበር፣ ሁሉም ሰው የጻፈለት እሱን ነው። አንድ ሌሊት ያን የፒንክ ፍሎይድ ዘፈን ብቻ ላክሁለት። በማግስቱ የድምፅ መልእክት መጣ። ከፈትኩት። ንግግር የለውም። የመኪና ሞተር፣ ከኋላው ያ ዘፈን፣ አንዴ ደግሞ አፍንጫ ሲሳብ። ሦስት ደቂቃ ገደማ። በሚቀጥለው ሳምንት ዘፈን ላከ።

ለዚህ ነው «ምርጡ የቱ ነው» የሚለው ክርክር የማይጥመኝ።

እርስ በርሳችሁ ለምትጠቋቆሙ የኔ ልማድ ይሄ ነው። አንድ ዘፈን ስጡ፣ ሃምሳ አትላኩ፤ ዳታም ብር ነው፣ ጆሮም ይደክመዋል። ለምን ለሱ እንደመረጣችሁለት በአንድ መስመር ንገሩት። ካልወደደው አትሟገቱት፣ ሌላ በር ፈልጉ። እሱ ሲሰጣችሁ ደግሞ እስከ መጨረሻው ስሙለት።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። ኮሜንት ላይ የባንድ ስም ሳይሆን ሰውነታችሁን ውርር የሚያደርገውን አንድ ዘፈን ጻፉልኝ። የአስቴር ይሁን የማዲንጎ፣ መንዙማም ይሁን መዝሙር። ማታ የፈተና ወረቀት አርሜ ስጨርስ ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ እመልሳለሁ። ሮክ የምታውቁ ደግሞ እኔን አትጠብቁ፣ ከላይ ያለውን ሰው አንብቡና ስጡት።