ዳቦ ይዘን የጠየቅነው



በካይሮ ሳለን፣ የቤት ኪራይ አጥተው ጎዳና ላይ ስለ ወደቁ ስደተኞች ጥናት የሚጽፍ አንድ ግብፃዊ ተማሪ አስተርጓሚ እንድንሆነው ለመነን። እኛም መልካም ሥራ ነው ብለን ዳቦ በሚታደልበት ቀን አመጣነው። ዳቦውን በእጃችን እንደ ያዝን፣ አንዲትን የአገራችንን እናት ከቤቷ እንዴት እንደ ወጣች፣ ሌሊቱን ከልጆቿ ጋር የት እንደምታሳልፍ ጠየቅናት። ሁሉንም ነገረችን። ስትጨርስ ግን፣ «አባቴ፣ ባልነግርዎ ኖሮ ዳቦውን ይከለክሉኝ ነበር?» አለችን። መልስ አጣን።

ያን ሌሊት የቆሎ ተማሪነታችን ዘመን ታወሰን። ደበሎ ለብሰን፣ አኩፋዳ አንግተን፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን ስንለምን፣ ቁራሹን ከመስጠታቸው በፊት የማን ልጅ እንደ ሆንን የሚመረምሩን ነበሩ። የራበው ሰው የተጠየቀውን ሁሉ ይመልሳል፤ መመለሱ ግን ፈቀደ አያሰኘውም።

የስደተኞች ቃል አይጻፍ ማለታችን አይደለም። በ1998 ዓ.ም. የሱዳን ስደተኞች በካይሮ ሙሐንዲሲን፣ በሙስጠፋ ማሕሙድ መስጊድ አጠገብ ባለው መናፈሻ ሦስት ወር ያህል ሰፍረው፣ በቅርብ ለነበረው የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ቢሮ አቤት ሲሉ ቆዩ። ታኅሣሥ 21 ቀን፣ በወርኃዊው የእመቤታችን በዓል፣ ፖሊስ ሲያስነሣቸው ቢያንስ 27 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዓመት በካይሮ የሚገኘው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የስደት ጥናት መርሐ ግብር የሆነውን መርምሮ አሳተመ። እንዲህ ያለ መዝገብ ባይኖር የሙታኑ ነገር ከመናፈሻው ጋር ተጠርጎ በቀረ ነበር።

ስለዚህ ከተማሪው ጋር ሥርዓት ሠራን። የዳቦው ቀንና የጥያቄው ቀን ተለየ። እምቢ ያለ ሰው ምንም እንደማይቀርበት አስቀድሞ ይነገረዋል፤ ስሙና ማደሪያው አይጻፍም፤ ምን መጠየቅ እንደሚገባ ስደተኞቹ ራሳቸው ይመክሩበታል፤ የተጻፈውም በቋንቋቸው ይነበብላቸዋል፤ ያልወደዱት ይሰረዛል።

ያችም እናት የሰጠችው ቃል ሲነበብላት እኩሌታውን አሰረዘች። ተማሪው ለጥናቱ አዘነ። እኛ ግን ከእርሷ ያለ ፈቃድ የወሰድነውን እንደ መለስን ቈጠርነው።

እናንተም ምእመናን፣ በበዓል ቀን በደጃችን ለተቀመጡት ስትመጸውቱ ስጡና እለፉ። ታሪካቸውን መስማት ብትሹ፣ በሌላ ቀን ባዶ እጃችሁን መጥታችሁ ይፈቅዱላችሁ እንደ ሆነ ጠይቁ።