ያልተመለሰው ፔዳል

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ነው የሆነው። መኪናዋ ካርቡሬተር ያላት አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ናት፤ እናቴን ከኋላ አስቀምጬ ወደ ደጀን እየነዳሁ ነበር። ቀጥ ያለ ቦታ ሳገኝ አንድ የጭነት መኪና ለመቅደም ነዳጅ ረገጥኩ፤ አለፍኩት። እግሬን ሳነሳ ግን ሞተሩ ጩኸቱን አልቀነሰም፤ ፔዳሉ ወለሉ ላይ ቀረ። ፊት ለፊቴ ኩርባ፣ ከኩርባው ባሻገር ገደል።

ቁልፉን መንቀል አማረኝ። መሪው የሚቆለፈው ግን ያኔ ነው። ፍሪሲዮን ረግጬ ማርሹን ዜሮ አደረግኩ። ቁልቁለት ላይ ዜሮ ማርሽ ነውር ነው፤ የዚያን ዕለት ግን ነፍስ አተረፈ። ሞተሩ ሊፈነዳ የደረሰ ያህል ጮኸ፤ ይጩህ! ፍሬኑን ደጋግሜ አልመታሁም፣ አንዴ ረግጬ ያዝኩት። ፍሬን የሚያግዘው ሰርቮ ጉልበቱን የሚያገኘው ከሞተሩ አየር መሳብ ነው። ነዳጁ እስከ ጥግ ሲከፈት መሳቡ ይከዳል፣ የተጠራቀመውም ለአንድ ሁለት ርግጫ ብቻ ይበቃል።

«ኪዳነ ምሕረት ድረሽ!» ትላለች እናቴ፤ ሌላ ቃል አልወጣትም። መኪናዋ በተራራው በኩል ቦዩ ዳር ቆመች። ሞተሩን ያጠፋሁት ያኔ ነው።

የቀደምኩት መኪና ሾፌር ደርሶ ወረደ፤ ረዳቱም ጎማው ስር ድንጋይ ወሸቀ። «አይዞዎት እማማ፣ አልፏል» አላት። ኮፈኑን ከፈትን። የነዳጁ ገመድ ካርቡሬተሩ ጋ በሚታጠፍበት ቦታ ከቀጫጭኖቹ የብረት ክሮች ጥቂቱ ተበጥሰው እንደ እሾህ ተገትረዋል። ሲረገጥ ይወጣሉ፤ ሲለቀቅ የሽፋኑ አፍ ላይ ይነክሳሉ። የመመለሻው ሞላ አይችላቸውም።

ሾፌሩ ደጀን ደርሶ መካኒክ ላከልን። መካኒኩ አዲሱን ገመድ ከጭስ ማውጫው አርቆ፣ ሳያጣብብ አጥፎ ዘረጋው። ጊዜ የወሰደው ማስተካከሉ ላይ ነው፤ እኔም እንዲወስድ ፈልጌ ነበር። ሁለቱን ዳዶ አንዱን እያላላ ሌላውን እያጠበቀ፣ ፔዳሉ ሲለቀቅ ገመዱ በጣት ሲነካ በትንሹ እንዲላወስ አደረገው። ከተወጠረ ሞተሩ ወደ ሚኒሞ አይወርድም። ከላላ ደግሞ ፔዳሉ ወለል ቢነካም ካርቡሬተሩ ሙሉ አይከፈትም፤ የሚጠብቀን የደጀን ዳገት ነው። ሞተሩ እንደጠፋ እኔ እየረገጥኩ እለቃለሁ፤ እሱ ጎንበስ ብሎ የካርቡሬተሩ ክንድ ቷ ብሎ መመለሱን ያያል።

ኮፈኑን ሊከድን ሲል እናቴ ጠጋ ብላ፣ «የኔ ልጅ፣ እባክህ አንዴ ደግመህ እያት» አለችው።

«እሺ እማማ» አላትና ወደ እኔ ዞረ። «ርገጥ!»