መሪው ሲከብድ

ጌታ ኢየሱስ ደካሞችንና ሸክም የከበደባቸውን ወደ ራሱ ሲጠራ ያለ ቀንበር እንዲኖሩ አልለቀቃቸውም፤ የገዛ ራሱን ቀንበር ሰጣቸው (ማቴዎስ 11፥28-30)። ክፍሉን ብዙ ጊዜ ሰብከነዋል፤ “ቀንበር” የምትለዋን ቃል ግን ቶሎ እናልፋታለን። ሰውየው የደከመው በመሸከም ከሆነ፣ ሌላ ነገር ጫንቃው ላይ መጫን እንዴት ዕረፍት ይሆናል? በዚህ ጥያቄ ላይ ሰሞኑን ብዙ ያሳሰበችኝ አንዲት ባለ ሁለት ወንበር መኪና ናት።

እንግሊዛዊው መሐንዲስ ኮሊን ቻፕማን በ1957 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ሎተስ ሰቨን የተባለችውን መኪና ሲያወጣ ዋና ሐሳቡ ክብደት መቀነስ ነበር። ክብደቷ 500 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ተራ የቤተሰብ መኪና ከዚያ እጥፍ በላይ ይመዝናል። ያኔ በእንግሊዝ ተገጣጥሞ በሚሸጥ መኪና ላይ የሚጣለው የግዢ ግብር በተፈታ ዕቃ ላይ ስላልነበረ፣ ብዙ ሰው ዕቃውን ገዝቶ እቤቱ ይገጣጥማት ነበር። በ1973 ያ ግብር በተጨማሪ እሴት ታክስ ሲተካ ጥቅሙ ቀረ። ካተርሃም የተባለው ድርጅት የመኪናዋን መብት የያዘውም በዚያው ዓመት ነው። የመገጣጠሙ ፍቅር ግን አልቀረም፤ እስከ ዛሬ በእርሷ አምሳል፣ ከአሮጌ መኪና ዕቃ እየለቀሙ፣ በየጋራዣቸው የሚሠሩ አሉ።

እዚህ እንግሊዝ አገር በማገለግልባት ቤተ ክርስቲያን ያለ አንድ ወንድም ከእነርሱ መካከል ነው። አዲስ አበባ ሳለ መካኒክ ነበር፤ አሁን አውቶቡስ ይነዳል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናውን ይሠራል። ልጠይቀው ስሄድ ከሻይ በፊት ጋራዥ መግባት ግዴታ ነው። አንድ ቀን “ፓስተር፣ እስቲ ይህን መሪ ይያዙት” አለኝ። ያዝኩት። መኪናዋን ሁለት ሰው እየገፋ ይወስዳታል፤ መሪዋ ግን የድሮ የጭነት መኪና መሪ ሆኖ አልንቀሳቀስ አለኝ። (መሪ ስል የቤተ ክርስቲያን መሪ ማለቴ አይደለም። እሱ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።)

ያን ያህል ቀላል የሆነች መኪና መሪዋ ለምን ይከብዳል? ወንድማችን ምክንያቶቹን በጣቱ እየቆጠረ አስረዳኝ። ጎማው ሰፊ ነው። የስፖርት መሪ ትንሽ ነው፤ ከ35 ሴንቲ ሜትር ወደ 28 ሲወርድ ለዚያው ሥራ እጅ የሚያወጣው ጉልበት በሩብ ይጨምራል። ቴስቲናው ግራሶ አልጠጣ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ያቆየኝ ግን ካስተር የሚሉት ነገር ነው።

የሳይክል የፊት ሹካ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ላዩ ወደ ነጂው ያጋደለ ነው። በመኪናም የፊት ጎማ የሚዞርበት ዘንግ ላዩ ወደ ኋላ ያዘነብላል። ስለዚህ ጎማው መሬት የሚነካበት ቦታ ከዘንጉ መስመር ወደ ኋላ ይቀራል፤ መኪናዋ ስትሄድም ጎማው እንደሚጎተት ነገር ከኋላ እየተከተለ ራሱን ወደ ቀጥታው ይመልሳል። በልጅነታችን ሳይክል ተከራይተን እጅ ለቀን ስንነዳ ካልወደቅንባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ዝንባሌው ሲበዛ መሪው ይከብዳል፤ ሲያንስ ይቀላል።

አቋራጩ መንገድ እንግዲህ ግልጽ ነው፤ ወንድማችንም በእርሱ ጀመረ። ብሎን ፈታ፣ አስተካከለ፣ አሰረ፤ ካስተሩ ቀነሰ። መሪው በእርግጥ ቀለለ። በተፈቀደለት ባዶ ግቢ ውስጥ ነድቶ፣ አዙሮ ሲለቀው ግን መሪው በዞረበት ቀረ። ቀጥ ባለው መንገድም ላይ እጅ በየቅጽበቱ ካላስተካከለው መኪናዋ ወዲያና ወዲህ ትላለች። እዚህ አገር በግል የተሠራ መኪና ለመንገድ ከመፈቀዱ በፊት መርማሪ ፊት ይቀርባል፤ ከሚታዩት ነገሮች አንዱም መሪው ሲለቀቅ ወደ ቀጥታው መመለሱ ነው። ያን የመሰለ ቀላል መሪ ይዞ ቢሄድ ይወድቅ ነበር። ካስተሩን ወደ ቦታው መለሰው።

እውነተኛው ችግር የተገኘው ሌላ ቦታ ነው። የመሪው ማርሽ የመጣው ፓወር ስቲሪንግ ከነበረው አሮጌ መኪና ነው። በውስጡ ጎሚኒ የታሰረበት ፒስተን አለ፤ ሞተሩ የሚያዞረው ፓምፕ ዘይቱን በግፊት ከአንዱ ወገን ወይም ከሌላው ሲልክ ፒስተኑ ነጂውን ያግዛል። በቀላሏ መኪና ላይ ፓምፑ አልተገጠመም፤ ቱቦዎቹ እርስ በርስ ተገናኝተው ዘይቱ እውስጡ ቀረ። ያ ለእርዳታ የተሠራ ዕቃ አሁን ጭነት ሆነ። ነጂው ጎማውን ከማዞር ሌላ፣ ዘይቱን በጠባብ መንገድ ከወዲያ ወዲህ የሚገፋው በገዛ ክንዱ ነው። ወንድማችን ማርሹን ፈታ፣ ዘይቱን አፈሰሰ፣ የፒስተኑን ጎሚኒ አወጣ፣ ግራሶ ቀብቶ መልሶ ገጠመው። በሚቀጥለው ቅዳሜ መሪውን ስይዘው ክብደት ነበረው፤ ግን ሌላ ዓይነት ክብደት ነው። መንገዱ ይሰማል፤ ሲለቁትም ይመለሳል።

ያ ዘይት ከአእምሮዬ አልወጣም። ሐዋርያው ጳውሎስ የገላትያን ሰዎች በመንፈስ ጀምራችሁ በሥጋ ልትጨርሱ ነውን ብሎ ሲሞግታቸው (ገላትያ 3፥3) የሚያየው ይህን የመሰለ ነገር ይመስለኛል። ጸሎት፣ ጾም፣ ኅብረት፣ አገልግሎት በመንፈስ ቅዱስ ኃይል እንዲሠሩ የተሰጡን ናቸው። ኃይሉ ተለይቷቸው ቅርጻቸው ብቻ ሲቀር ዝም ብለው አይቀመጡም፤ ይከብዳሉ። አንዲት እህት አለች፤ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች፣ አገር ቤት እናቷን ታስታምማለች፣ እሑድ ትዘምራለች። ዐርብ የአዳር ጸሎት ስትቀር “ቀዝቅዘሻል” ይሏታል። ይህ የክርስቶስ ቀንበር አይደለም። ጌታ ራሱ ከባድ ሸክም አስረው በሰው ትከሻ ላይ ስለሚጭኑ፣ በጣታቸው እንኳ ሊነኩት ስለማይወዱ ሰዎች የተናገረውን እናውቃለን (ማቴዎስ 23፥4)። እርሷን ዐርብ ዐርብ እንድትተኛ ነግሬያታለሁ። ለአንዳንድ ሽማግሌዎች ደስ አላላቸውም።

ግን ሌላም ወገን አለ። ዛሬ ብዙ የሚደመጥ ስብከት ካስተሩን ይቀንሳል። ጸጋ ነው ይባልና ንስሐው፣ መታዘዙ፣ የሰው ዕዳው ሁሉ “ሃይማኖተኝነት” ተብሎ ይነሣል። ሰሚው በእርግጥ ይቀለዋል። በገላትያ ምዕራፍ 6 ቁጥር 2 ላይ አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲሸከም ታዘናል፤ በቁጥር 5 ደግሞ እያንዳንዱ የራሱን እንደሚሸከም ተጽፏል። በግሪኩ የመጀመሪያው “ባሮስ”፣ ሁለተኛው “ፎርቲዮን” ነው። ሰባኪ በዚህ ልዩነት ላይ ብዙ ሊገነባ ይወዳል፤ ጥንቃቄ ያሻዋል፤ ምክንያቱም “ፎርቲዮን” ጌታ ቀላል ላለው ለራሱ ሸክምም፣ ፈሪሳውያን ለሚጭኑት ከባድ ሸክምም ተነግሯል። ቃሉ ብቻውን አይለየውም። ማን እንደጫነውና ወዴት እንደሚወስድ ማየት ያስፈልጋል።

አንድ ወንድም ባለፈው ክረምት ቢሮ መጣ። (በፈቃዱ ነው የምጽፈው።) ከባለቤቱ ከተለያየ ዓመታት አልፈዋል፤ በሌላ ከተማ ያለች ልጁን አይጠይቅም፤ የተቆረጠለትንም ገንዘብ አይልክም። “ፓስተር፣ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ይጸልዩልኝ፣ ይህ ነገር ይቅለለኝ፤ ክርስቶስ ይቅር ብሎኛል አይደል?” አለኝ። ክርስቶስ ይቅር እንደሚል በሙሉ ልቤ ነገርኩት፤ እጄንም ጭኜ ጸለይኩለት። ያ ክብደት እንዲነሣለት ግን አልጸለይኩም። ይህንንም አልደበቅኩትም። ውስጡ ያለው የውርደት ዘይት፣ “አንተ ምን አባት ነህ” የሚለው የከሳሹ ድምፅ፣ እንዲፈስ ለመንኩ። ወደ ልጁ የሚጎትተው ግን እንዲቆይለት ነው የለመንኩት፤ ምክንያቱም እጁን ከመሪው ሲለቅ ወደ ቀጥታው የሚመልሰው የቀረለት እርሱ ብቻ ነው።

ተቀይሞ ወጣ። ሁለት እሑድ ቀረ፤ በሦስተኛው መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ። አንድ ወር ገንዘብ ልኳል። እስካሁን አልደወለላትም። ባለፈው ሳምንት በር ላይ ሰላም ስለው “አሁንም ይከብደኛል፣ ፓስተር” አለኝ፤ ስልኩን በእጁ ይዞ ነበር።