ላቡ ይወርዳል፣ ኪሎው አይወርድም

ታናሽ እህቴ አዲስ አበባ ናት፤ እኔ ጅቡቲ፣ ባልባላ። ስልክ በተደዋወልን ቁጥር ከቤተሰብ ወሬ ቀጥሎ የሚነሳው የስፖርት ነገር ነው። እሷ ከሥራ በፊት መስቀል አደባባይ ደረጃውን ስትወጣና ስትወርድ ታነጋለች፤ እኔ ፀሐይዋ ስትበርድ እሮጣለሁ። ሁለታችንም ከበፊቱ ብዙ ቀንሰናል፤ ሁለታችንም የመጨረሻዎቹ ሦስት አራት ኪሎዎች ላይ ደርሰን ቆመናል። «ጋሼ፣ አንተ እዚያ እሳት ውስጥ እየሮጥክ እንዴት ነው የማትከሳው?» ትለኛለች። ይህ የእሷ ብቻ ጥያቄ አይደለም። ከአገር ቤት የሚደውልልኝ ሁሉ የጅቡቲ ሙቀት ስብ የሚያቀልጥ ይመስለዋል።

አያቀልጥም። ባልባላን ከመሃል ከተማው የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ የሆነው የአምቡሊ ወንዝ ነው፤ ባሕሩም ሩቅ አይደለም። በሞቃቱ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ከምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ አሸዋውን ይዞ ሲነሳማ ውጭ መቆሙ ራሱ ያደክማል። በዚህ አየር አንድ ሰዓት የሮጠ ሰው ከአንድ ሊትር በላይ ላብ ሊያወጣ ይችላል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነውና ከሩጫ መልስ ሚዛን ላይ ሲወጣ ደስ ይለዋል። ያ ኪሎ ግን ውሃ ሲጠጣ ይመለሳል፤ መመለስም አለበት። ላብ ሰውነት ራሱን የሚያቀዘቅዝበት መንገድ ነው፤ ስብ በላብ አይወጣም። አገር ቤት ሆዳቸውን በላስቲክ ጠቅልለው የሚሮጡ ወጣቶች አሉ። እባካችሁ ተዉት። እዚህ እንዲህ ያደረገ ሰው በሙቀት ተመትቶ ሊሞት ይችላል።

የአዲስ አበባና የጅቡቲ ልዩነት ያለው ሌላ ቦታ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ስፖርት የአደባባይ ነገር ሆኗል። ታላቁ ሩጫ በ1994 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር ላይ ከተማው በሩጫው ቲሸርት ይሞላል። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ሲጀመር ደግሞ መኪና ቆሞ አስፋልቱ ለእግረኛ ተለቀቀ። እንጦጦ አለ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ዳገቱን የሚወጣ ሰው ሳንባው ምን ያህል እንደሚሠራ ያውቃል። ከሁሉም በላይ እህቴ ሳታስበው የምትሄደው መንገድ አለ፤ ከታክሲ ወርዳ ቢሮ እስክትደርስ ያለው ዳገት፣ ከዚያ ደረጃው፣ ከዚያ ወደ ገበያ።

እዚህ ሰዓቱን የምትወስነው ፀሐይ ናት። ወይ ከመውጣቷ በፊት፣ ወይ ከመግሪብ በኋላ። በመካከሉ ያለውን ቀን ሰው ጥላ ለጥላ ያሳልፋል፤ አጭር መንገድም ቢሆን በሚኒባስ ይሄዳል። እኔም እንደዚያው። ዋናው መንገድ ፔካ ዱዝ በሚሉት ሰፈር በኩል ወደ ኢትዮጵያ የሚሄዱ ከባድ መኪናዎች መተላለፊያ ስለሆነ ለሩጫ አይሆንም፤ የውስጥ ለውስጡ መንገድ ድንጋያማ ነው። አንድ ሰዓት ሮጬ ቀሪውን ቀን ከተቀመጥኩ፣ ያቺ አንድ ሰዓት ልታካክሰው የሚጠበቅባት ነገር ብዙ ነው።

ይህን ስል ጅቡቲ የሯጭ አገር አይደለችም ማለቴ እንዳልሆነ ይያዝልኝ። ሁሴን አህመድ ሳላህ እ.ኤ.አ. በ1988 በሴኡል ኦሎምፒክ ማራቶን በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሦስተኛ ወጥቶ የነሐስ ሜዳሊያ አግኝቷል። አያንሌ ሱሌይማን እ.ኤ.አ. በ2014 በቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮና በ1,500 ሜትር አሸንፏል። የኛ ሰው አበበ ቢቂላንና ኃይሌን ሲቆጥር እነዚህን ጎረቤቶቹን ሳያውቅ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ሳህኑ እንምጣ፤ ዋናው ጉዳይ እዚያ ነው። የእህቴ ቡድን እሑድ ጠዋት ስፖርት ሠርቶ ሲጨርስ ቀጥታ ቁርስ ቤት ይገባል። በቅቤና በማር የራሰ ጨጨብሳ ይመጣል፤ ከጎኑ ስፕሪስ። ጭማቂ ጤና ነው ይባላል፤ ነገር ግን አቮካዶው ላይ ማንጎው፣ ማንጎው ላይ ስኳሩ ሲደራረብ ብርጭቆው ሙሉ ምግብ ነው። ባልባላ ውስጥ ደግሞ ቀኑ የሚከፈተው በሻይ በወተት ነው፤ ስኳሩ ጠንከር ያለ። ሥራ ምሳ ሰዓት አካባቢ ይቆማል፤ ምሳው ከባድ ነው። ስኩዴካሪስ የሚሉት በበግ ሥጋ የተሠራ ሩዝ፣ ወይም ፓስታ፣ ወይም በምድጃ የተጠበሰ የየመን ዓሣ ከሰፊ ቂጣ ጋር። ፈረንሳዮች ትተውት የሄዱት ባጌት ደግሞ ከምንም ጋር ይበላል። እኛ ቤት ከጤፍ እንጀራ ይልቅ ሩዝና ዳቦ የሚበዛበት ሳምንት አለ። ከምሳ በኋላ በዚያ ሙቀት መተኛት ነው።

ጫቱም አለ። በየቀኑ ከኢትዮጵያ ተጭኖ ቀትር አለፍ ሲል ይደርሳል፤ ከዚያ ብዙ ወንዶች ለበርጫ ይቀመጣሉ። «ጫት ያከሳል» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ውስጡ ያለው ካቲኖን የምግብ ፍላጎት እንደሚዘጋ እውነት ነው። ነገር ግን ከሰዓቱ ሙሉ መቀመጥ ነው፤ አብሮት ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ይጠጣል፤ ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ ሌሊት ላይ ይበላል። ኪሎ ለመቀነስ ብሎ ጫት የሚጀምር ሰው ካለ በግልጽ እለምነዋለሁ፤ አይጀምር።

ሒሳቡን እንየው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል፤ ሦስት ኪሎ ማለት ከ23,000 በላይ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 5 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ የሚያወጣው 350 ካሎሪ ገደማ ነው። 250 ግራም የሚመዝን ባጌት ግማሹም ከዚያ ብዙ አያንስም። ላብ በላብ ሆኜ የሮጥኩትን፣ ምሳ ላይ ወሬ እያወራሁ በቆረስኩት ዳቦ እመልሰዋለሁ ማለት ነው።

ከዚህ የሚከብደው ደግሞ ሰውነት ራሱ የሚያደርገው ነው። ተመራማሪው ኸርማን ፖንትዘርና ባልደረቦቹ ታንዛኒያ ውስጥ በአደንና በለቀማ የሚኖሩት ሃድዛዎች በቀን የሚያወጡትን ጉልበት ለክተው እ.ኤ.አ. በ2012 ውጤቱን አወጡ። ሃድዛዎች ቀኑን ሙሉ ይራመዳሉ፣ ይቆፍራሉ፣ ይሸከማሉ፤ የሰውነት መጠን ታሳቢ ሲደረግ ግን በቀን የሚያቃጥሉት ጠቅላላ ካሎሪ ከምዕራባውያን አልተለየም። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ጋናንና ደቡብ አፍሪካን ጨምሮ ከአምስት አገሮች የተውጣጡ 332 ሰዎችን አጥንተው፣ እንቅስቃሴ ሲጨምር ወጪው እስከ አንድ ደረጃ ብቻ እንደሚጨምር፣ ከዚያ በኋላ እንደሚቆም አሳዩ። ሰውነት ወጪ እንደበዛበት ቤት ከሌላው ላይ ቀንሶ ያብቃቃል። ኪሎ የቀነሰ ሰው ላይ ሲሆን ይህ ይብሳል። ትንሽ ሰውነት የሚፈልገው ነዳጅ ትንሽ ነው፤ ስብ ሲቀንስ ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን ይቀንሳል፣ አንጎልም ረኃብን ያበረታል። የመጨረሻዎቹ ኪሎዎች ከመጀመሪያዎቹ የሚከብዱት በስንፍና አይደለም። ይህን ለእህቴ ደጋግሜ ነግሬያታለሁ፤ ራሷን ስትወቅስ መስማት አልወድም።

ጾም መፍትሔ ይሆናል የሚሉም አሉ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ አለ፤ ፍልሰታ አለ። አገር ቤት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ ቆይቶ ሽሮና ጎመን መብላት ኪሎ ሊቀንስ ይችላል። ነገር ግን ወጡ ላይ የሚፈሰው አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው፤ እኛ በማንኪያ አንለካም። ፓስቲና ቦንቦሊኖም የጾም ናቸው። እዚህ በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ የሚቀርበው ሳምቡሳ እንዲሁ በዘይት የተጠበሰ ነው። ጾም የተደነገገው ለነፍስ ነው፤ የሚዛን ሥራ ባንሰጠው እመርጣለሁ።

ታዲያ ሩጫው ምን ይሠራል? ብዙ። የደም ግፊትን ያወርዳል፣ ስኳርን ያስተካክላል፤ ሚዛኑ ባይነቃነቅ እንኳ በሆድ ዕቃ ዙሪያ የሚከማቸውን አደገኛውን ስብ ይቀንሳል። ስለዚህ ሩጫውን አላቋርጥም፤ ግን አልጨምርበትም። ከሩጫው ላይ ሌላ ሰዓት ከመደረብ ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ብጨምር ይሻለኛል። ለዚህ ጂም አያስፈልገኝም። በየቤቱ ያለው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ እየሞላሁና እያጎደልኩ አነሳዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት እህቴን ሚዛኑን ትታ ሜትር እንድታመጣ ነገርኳት። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ የወገብ ዙሪያ ከቁመት ግማሽ በታች እንዲሆን ይመክራል። ቁመቷ 1 ሜትር ከ65 ነው፣ ግማሹ 82 ሳንቲ ሜትር ተኩል፤ ወገቧ 78 ሆነ። እንግዲያው እነዚያን ሦስት ኪሎዎች ተያቸው አልኳት፤ መስቀል አደባባይ መውጣትሽን ቀጥይ፣ ስፕሪሱንም አልፎ አልፎ ጠጪ። የእኔን ስለካ ከግማሹ አለፈ። ስለዚህ ከምሳ ላይ ዳቦ የሚያነሳው እኔ ነኝ፤ ሻዩንም ያለ ስኳር ጀምሬዋለሁ። እናንተም ሜትር ፈልጉና ከእምብርታችሁ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ፣ ሆዳችሁን ሳታስገቡ፣ ትንፋሻችሁን ለቅቃችሁ ለኩ።